ገባ

ሦስት ሻጮች መጡ በበረዶው ሳምንት፣
ጫማቸውን ደጅ አራግፈው፣ ይዘው ብዙ ሥዕል፣ ብዙ ትምክህት።
አንዱ ዋሻ ሸጠ፦ «ከየቤቱ እስከ ቢሮ የሚሄድ፣
ማንም የማያየው፣ በስውር የሚወስድ መንገድ።»
አንዱ ሣጥን ሸጠ፦ «ለየቅርንጫፉ አንድ አንድ፣
ለኑርሜስ፣ ለኩህሞ፤ ሰክቶ ብቻ መሄድ።»
ሦስተኛው ጥያቄ ሸጠ።
«ማንንም አትመኑ» አለ፣ «የገባውንም ጭምር፤
በየክፍሉ በር፣ በየደቂቃው፣ ‹ማን ነህ?› የሚል ዘበኛ ይኑር።»

ሪስቶ፣ አለቃዬ፣ ዋጋውን አየና ጢሙን ፈተለ፤
«እንጨት ነው የምንሸጠው፣ ወርቅ አይደለም» አለ።

እንጨት ነው፣ እውነት ነው። ግን አምና የኩህሞው መጋዝ አራት ቀን ቆሞ፣
የሚሰነጠቀው ግንድ በረዶ ለብሶ ተጋድሞ፣
ሰበቡ አንዲት ደብዳቤ ነበረች፣ «ደረሰኝዎ ተያይዟል» የምትል፣
ጸሐፊያችን ከፍታ ያመሰገነቻት በወጉ ቃል።

እሱን ላስረዳው ብዬ መዝገቡን አወጣሁ፤
ማን ገባ፣ ከየት ገባ፣ በስንት ሰዓት፣ እያልሁ ቆጠርሁ።
አርባ ሁለት ሠራተኛ፣ ግማሹ ከቤቱ የሚሠራ፣
አንዱ ከሳውና ደጃፍ፣ አንዷ ከሕፃን አልጋ ጋራ፣
ሁሉም በአንድ ቁልፍ፤ ያቺ አሮጌ ቁልፋችን፣
አንዴ ከዞረች ክፍት የምታደርግ እስከ ጓዳችን።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ መስመር፦
ታቬቲ ገባ።
በማግስቱ፣ ዘጠኝ ከሩብ፦
ታቬቲ ገባ።
በሰልስቱም።

ታቬቲን በኅዳር ቀብረነዋል፤ እኔም ነበርሁ፣ አፈር ሳይጠጥር።
ሠላሳ ዓመት ግንድ የለካ፣ ዛፍን ቆሞ ሳለ በዓይኑ የሚመዝን፣
የይለፍ ቃሉን ጽፎ ስክሪኑ ላይ የሚለጥፍ፣ ተው ስለው ከልቡ የሚያዝን።

ሌባ ነው አልሁ። ጣቴ ቀዘቀዘ።
የሙት ስም ለብሶ በቤታችን የሚመላለስ፣
ፋይል ሳይከፍት፣ ዕቃ ሳይነካ፣ ተቀምጦ የሚነጋለት፣ አንዳች ሳይቀንስ።
ምን ዓይነት ሌባ ነው፣ መጥቶ ምንም የማይወስድ?

አድራሻውን ተከተልሁት። ባሕር ማዶ አልነበረም።
ፒየሊነን ሐይቅ ዳር፣ የራሱ ቤት፤ ከሚስቱ በቀር ሰው የለም።
ደወልሁ። ሂልካ አነሣች። ቆየች፣ እንደ አገሩ ሰው ዝም ብላ።
«ነጥቧ ናት» አለች ኋላ፤
«ስሙ አጠገብ የምትበራው፣ አረንጓዴዋ።
እንቅልፍ ሲርቀኝ ማሽኑን እከፍታለሁ። ሌላ አልነካም።
‹ታቬቲ ገባ› ይላል። እኔም
ገባ እላለሁ፣ ከጫካ አምሽቶ ሲመጣ እንደምለው፤
ከዚያ ነው ዓይኔን የምከድነው።»

ትንሽ ቆይታ፣ «አሁን ምን ትገዛላችሁ?» አለች፣ እንደ ማንም ደንበኛ።
ነገርኋት፦ ሦስተኛውን። የሚጠይቀውን ዘበኛ።
«ምን ብሎ?»
«ማን ነሽ? ማሽኑ የማን ነው? ለምን በዚህ ሌሊት?»
«ሚስቱ ነኝ ብለውስ?»
መመሪያውን አገላበጥሁ፣ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፤ ለዚያ መልስ የለበት።

ሐሙስ ፈረምን። ሪስቶ እያጉረመረመ ከፈለ።
ዓርብ ኑርሜስ፣ ቅዳሜ ኩህሞ፤ የሁሉም ስም አንድ በአንድ ተጣራ፣ ተተከለ።
የታቬቲን ግን እስከ እሑድ አቆየሁት፣ ደንቡን ጥሼ፤
ደንቡን የጻፍሁትም እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ለራሴ።

እሑድ ሌሊት ከዮኤንሱ፣ መብራት አጥፍቼ ጠበቅሁ።
ዘጠኝ ሲሆን ነጥቧ በራች። ገባ፣ አልሁ።
እሷ በሐይቁ ዳር፣ እኔ በቢሮ፣ ቃል ሳንለዋወጥ አነጋን።
ከዚያ ዘጋሁት።

ሰኞ ሪስቶ ሪፖርቱን አየ። «የተሰረቀ አለ?»
«የለም።»
«ታዲያ ሌሊት ሌሊት ይገባ የነበረው? አልገባኝም።»
ሠንጠረዡ ላይ ጠባብ ሳጥን ነበረች፤ «የቀድሞ ሠራተኛ፤ ተዘግቷል» ብዬ ሞላሁ።
ስልኬን አየሁ።
ከኑርሜስ በኩል የደወለ የለም።